ሰው ሞልቶ ሊፍት ለምኔ

ጭሮ ሁለት ስም ያላት ከተማ ናት። ጭሮ የሚሏት መንግሥትና ወጣቶች ናቸው፤ አሰበ ተፈሪ የምንላት ደግሞ የድሮ ሹፌሮችና እንደ እኔ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበን መጥተን የቀረን ሰዎች ነን። ሁለት ስም የቻለች ከተማ ግን ጎማ ሳያቃስት የሚሄድበት አንድ ሜዳ አልቻለችም። ከቤት ሲወጡ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፤ መሃሉ ደግሞ ቦይ ነው። በፈጣሪ አላማርርም። እሱ ተራራውን ሲያቆም እኔ አንድ ቀን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንደምቀመጥ ጉዳዩ አልነበረም። ከእሱ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች ግን ሜዳ ባገኙበት ሁሉ ደረጃ እየሠሩ ተራራውን አግዘውታል።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። በወጣትነቴ ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ትንሽ ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር። ኦሮምኛን ገበያ ውስጥ በጭቅጭቅ ተማርኩ፤ አሁን በሁለት ቋንቋ እኩል እቆጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመቻራ ፈተና ፈትነን ስንመለስ የተሳፈርንበት መኪና ተገለበጠ። ሌሎቹ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ፤ እኔ አልተነሣሁም። ታሪኩ ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ አሳዛኝ አድርጌ ማውራት አያቅተኝም፤ ግን ሳላወራም ሰዉ ከንፈሩን ይመጥልኛል፤ ከንፈር መምጠጥ እዚህ አገር በነጻ ነው።

የምጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶች እግሬ እንዲቆም ለብዙ ጊዜ ጾመው ጸለዩልኝ፤ ጌታ ይባርካቸው። ጸሎቱ ሲያልቅ ወንድሞች አንሥተው በመግቢያው ደረጃ ያወርዱኛል። ደረጃው ከዚያ እንዲነሣ የጸለየ ሰው ግን አልሰማሁም። አንድ እሁድ የጸሎት ርእስ ያለው ይናገር ሲባል እጄን አውጥቼ «ትንሽ ሲሚንቶና አሸዋ» ብል ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። ቀልደኛ እህት አለችን ተባለ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

ስለ ባንኩ አላወራም ብዬ ነበር፤ ግን ካነሣሁት ላይቀር ልናገር። በከተማችን ባንክ ሁሉ ከመሬት ከፍ ማለት አለበት፤ መሬት ከነካ ብሩ የሚረክስ ይመስላል። ስለዚህ እኔ ታች መንገድ ዳር እቀመጣለሁ፤ የባንኩ ልጅ እየተመላለሰ ያስፈርመኛል። የሒሳቤን ነገር ከእኔና ከእሱ ሌላ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያውቀዋል። «ቲቸር፣ በዚህ ወርማ ቆጥበሻል» ያለኝ የባጃጅ ሹፌር አለ።

አሁን ወደ ሸክሙ ልምጣ፤ የዚህ አገር ትልቁ ነገር እሱ ነው። በዙሪያችን ባሉት ገጠሮች ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተደርጎ ወደ መኪና መንገድ ይወርዳል። መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ የታመመው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ትከሻውን አስገብቶ እስከሚችለው ድረስ ያግዛል። ቃሬዛ አይቶ ያለፈ ሰው ስሙ ይጠፋል። ይህ ልማድ ከሰዎቹ ጋር ከተማ ገብቷል። እኔ አንድ ደረጃ ፊት ለፊት ትንሽ ቆም ካልኩ አንዱ «ኮታ! ኮታ!» ብሎ ይጣራል፤ ኑ፣ ኑ ማለቱ ነው። ከየት እንደመጡ ሳላውቅ አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በጉልበቴ፣ አንዱ በጎማው ይገባና «ቢስሚላህ!» ሲባል እኔ አየር ላይ ነኝ። መግባት ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። አንድ ቀን ስልክ ለማንሣት መድኃኒት ቤት በር ላይ ብቆም ተሸክመው አስገቡኝ። ለትሕትና ብዬ የራስ ምታት ክኒን ገዝቼ፣ ተሸክመው አወጡኝ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሎሚው ምን እንደሚሰማው ግን የተነገረ ተረት የለም። ደግነታቸውን አልክድም። ይህን ሕዝብ እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም ነው የምቆጣው። ደግሞ ይህ ደግነት የሥራ ሰዓት አለው። ጠዋት ከመጣችሁ የጭሮ ደረጃ ሁሉ ሰው ሞልቶታል፤ ትከሻ እንደ ልብ ነው። ከዙሁር ሶላትና ከምሳ በኋላ ግን ከተማው በርጫ ይቀመጣል። ፍራሹ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይፈታል፣ ውሃው ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሌላውን ሊሸከም ይቅርና ለራሱም አይነሣም። ስለዚህ ከተማችን ጠዋት ጠዋት ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ናት።

እውነቱን ለመናገር፣ በምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ በራሴ እጅ እንደ ልቤ የሄድኩት አንድ ጊዜ ቦርደዴ ላይ ነው። ለፈተና ተመድቤ ሄጄ ነበር። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ መሬቱ ግን ዘርጋ ያለ ነው። ካደርኩበት እስከ ፈተናው ክፍል ድረስ ጎማዬን ራሴ እየገፋሁ ስሄድ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የቦርደዴ ሰዎች ፀሐይ መታት መሰለኝ ብለው አዘኑልኝ።

የድሮው ትምህርት ቤታችን ጭቃ በጭቃ የሆነ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ወለሉ ከግቢው አፈር ጋር እኩል የሆነ ቤት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ሳያንኳኳ ይገባል፤ እኔም እንደዚያው። ከአደጋው በኋላ ተመልሼ ማስተማር ስጀምር ማንንም አላስቸገርኩም። ሰሌዳው ላይ ከግማሽ በታች ጻፍኩ፤ ተማሪዎቹም ከግማሽ በታች ማየት ለመዱ። ያኔ አላወቅኩትም እንጂ ድህነት አካታች ነበር። ከዚያ ልማት መጣና አዲሱ ሕንፃ ተሠራ፤ ባለ ሦስት ፎቅ፣ ፊቱ መስታወት፣ በየፎቁ ሰፊ በረንዳ ያለው። ያማረ ሕንፃ ነው፤ የሚያምረውን አምሯል ማለት ይገባል።

ከዚያ ድልድል ተደረገ። ምድር ቤቱ ለቢሮዎችና ለዕቃ ክፍል። አንደኛ ፎቅ ላይ አንዱ ክፍል ቢሮ ለጠበበው ለአካቶ ትምህርት አስተባባሪ። የዚህ ሰው ሥራ እንደ እኔ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ከትምህርት እንዳይቀሩ ማድረግ ነው፤ እንግዲህ ልናገኘው ስንፈልግ ደረጃ እንወጣለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ለብሔራዊ ፈተና ጸጥታ ያስፈልገዋል ተብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተመደበ። እኔ የማስተምረው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ነው።

ቅሬታዬን ለርእሰ መምህሩ ሳቀርብ «አይዞሽ፣ ሊፍት አለው እኮ» አለኝ። እውነት ነው፣ አለው። ዲዛይኑ ላይ አለ። ጉድጓዱም ከታች እስከ ላይ ተሠርቶ ቆሟል። የሚጎድለው ሊፍቱ ነው፤ እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። እስከዚያው የጥበቃው ሽማግሌ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ዘግተው ጃንጥላቸውን፣ የመስገጃ ምንጣፋቸውንና ሽንኩርታቸውን ያስቀምጡበታል። ሽንኩርቱ ሊፍት ውስጥ ነው፤ እኔ ውጭ ነኝ።

ራምፕም፣ በደረጃ ፈንታ ጎማ የሚወጣበት ተዳፋት፣ ተሠርቶልናል። ለምረቃው ትልቅ እንግዳ ይመጣል ሲባል አካታችነት እንደጎደለ ትዝ አላቸውና በጥድፊያ ፊት ለፊት ላይ ተንጠለጠለ። ለክብር ሲባል ሴራሚክ ተለጠፈበት፤ የሚያብረቀርቅ፣ መልክ የሚያሳይ። በእግሩ የሚሄድ ሰው እንኳ ብረቱን ሳይይዝ አይወጣውም። እኔ ለሙከራ ብወጣው ግማሽ ላይ ደርሼ ወደ ኋላ ተመለስኩና አዲስ የተተከለው አበባ ላይ አረፍኩ። ተማሪዎቼ የተዳፋቱን አንግል ለክተው በታንጀንት ሠርተውልኛል፤ ውጤቱ ለፍየል ይሆናል። ደግሞ በስንት መከራ ጫፉ ላይ ብትደርሱ በረንዳው ላይ ያወጣችኋል፤ በረንዳው ደግሞ በክብር ወደ ደረጃው ያደርሳችኋል። ራምፑ መጨረሻው ደረጃ ነው።

የምረቃው ቀን ጠዋት አስተባባሪው ከረባቱን አድርጎ መጣ። መልካም ሰው ነው፤ ፊቱ ሳቂታ ነው። «ዛሬ አንቺ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መታየት አለብሽ፤ እንግዶቹ አካታችነታችንን ይዩ» አለኝ። እንዴት ልውጣ ስለው ገረመው።

«ሰው ሞልቶ!» አለ፤ «ሰው ካለ ሊፍት ምን ያደርጋል?»

የእኛ አገር ስሕተት ሁሉ እዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ሌላ አገር ሰው የማይረዳዳ ስለሆነ ሊፍት ይሠራል፤ እኛ ግን ስለምንረዳዳ አያስፈልገንም። «ኮታ!» ተባለ፤ ተነሣሁ። ሦስተኛ ፎቅ የደረስኩት ከተሸካሚዎቼ በላይ ደክሜ ነው። እንግዶቹ መጡ፤ አጨበጨቡ፤ ከትልቁ እንግዳ ጋር ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶው አሁንም በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ አለ፤ ከሥሩ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» ይላል።

ከዚያ ምሳ ታች ሜዳው ላይ ነው ተባለና ሁሉም ወረደ። እኔ ቀረሁ።

መጀመሪያ ቆይተው ይመጣሉ ብዬ ነበር። በረንዳው ላይ ሆኜ ድንኳኑን አያለሁ። ሥጋው ይቆረጣል፣ ሙዚቃው ይጮኻል። «አውርዱኝ!» ብዬ እጄን ሳወዛውዝ ታች ያሉት ቀና ብለው አዩኝ፤ ደስ ብሏቸው መልሰው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። የበለጠ ስጮህ የበለጠ አወዛወዙ። አስተባባሪው የውሃ ፕላስቲኩን አንሥቶ እንኳን ደስ ያለሽ በሚል ዓይነት ነቀነቀልኝ። ስልኬ ታች ያለው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ክብደት እንዲቀንስ ብለው አስቀርተውት ነበር። ቀስ በቀስ ድንኳኑ ባዶ ሆነ። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ የእኛ ሰዎችም ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው ወደየበርጫቸው ተበተኑ። ግቢው ጭር አለ።

መጸዳጃ ቤቱ በፎቁ ጫፍ ላይ ነበር። ሄድኩ። የበሩ ስፋት ከወንበሬ ያንሳል። ሰፋ አድርገው ቢሠሩት ግድግዳው ምን ይሆን ነበር እያልኩ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሒሳብ ሠራሁ፤ በቃሌ ስሌት እየፈጠርኩ፣ እየፈታሁ፣ ራሴን ለማታለል። የሰው አካል ግን በሒሳብ አይታለልም። ልብሴ ረጠበ። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው፤ ያኔም አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ማፈሬ አናደደኝ። ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። አንድ ሰው በር ሲለካ እኔን ረስቶኛል፤ ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የጥበቃው ሽማግሌ ክፍሎቹን ሊቆልፉ ወጡ። ሲያዩኝ ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ያ ረቢ! ልጄ፣ እስካሁን እዚህ ነሽ?»

«ሊፍቱን እየጠበቅኩ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ብቻቸውን አይችሉኝም። ወርደው በአቅራቢያው ካለ በርጫ ቤት ሰዎች ጠርተው መጡ። ሰዎቹ ጉንጫቸው እንደተወጠረ፣ ምርቃናቸው ጫፍ ላይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሸክም አላየሁም። በየማረፊያው ያቆሙኝና ስለ እኔ ይወያያሉ። አንዱ በአረብ አገር ያየውን ሊፍት ሠርቶ አሳየን። ሌላው በገመድና በበርሜል ሊሆን ይችላል አለ። ሦስተኛው የከተማውን ዳገት በሙሉ ቆርጦ ሜዳ ለማድረግ ሐሳብ አቀረበ፤ አፈሩን የት እንደሚያፈስሰው ጭምር አስቦበታል። ታች ስንደርስ ጭሮ በሙሉ እንደ አዲስ ተነድፋለች። በማግስቱ ጠዋት አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ ስለ ዕቅዱ ብጠይቀው «የቱ ዕቅድ?» አለኝ።

ከመካከላቸው ግን አንዱ ገና ከላይ ሲያነሣኝ እጁ እርጥበቱን ነካ። ትከሻው ላይ የነበረውን ሽርጥ አውርዶ ጉልበቴ ላይ ጣለና ሌሎቹ እንዳያዩ ዙሪያውን ጠቀጠቀልኝ። እስካሁን አመሰግነዋለሁ። ያን ቀን ግን በሽርጡ ተሸፍኜ ቤቴ ስገባ፣ ከእንግዲህ ማንም ተሸክሞ ደረጃ አያወጣኝም ብዬ ማልኩ።

ትምህርት ሊጀመር ሲል ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝ። ቢሮው ምድር ቤት ነው፤ እሱ ሁለት ጤነኛ እግር አለው።

«አስበንልሻል» አለ። «ቤተ መጻሕፍት ብትገቢስ? አሮጌው ክፍል ነው፤ ደረጃ የለውም። ደመወዝሽም አይነካም። ዕረፍት ነው።»

«እኔ ደከመኝ አልኩ?»

«አላልሽም። ግን ለራስሽ ብለን ነው። ካልሆነ ልጆቹ በየቀኑ ሊሸከሙሽ ፈቃደኛ ናቸው፤ ምርጫው የአንቺ ነው።»

ምርጫው ይህ ነበር፤ ወይ ሸክም መሆን፣ ወይ አቧራ ከሚጠጡ መጻሕፍት ጋር ጡረታዬን መጠበቅ። ማስተማር በምርጫው ውስጥ አልተካተተም። ከእግሬ በኋላ የቀረችኝ ነገር እሷ ናት። አንድ ተማሪ ጭንቅላቱን ሲያክ ቆይቶ ድንገት «አሃ!» ሲል ለማየት ነው ጠዋት ጠዋት ያን ሁሉ ዳገት በባጃጅ የምወጣው። ለመጽሐፍ መደርደሪያ አይደለም።

«ከጎንህ ያለውን የዕቃ ክፍል ስጠኝ፤ ልጆቹ ይውረዱ። እነሱ እግር አላቸው» አልኩት።

«እሱማ አይሆንም፤ ንብረት አለበት።»

ንብረቱ የተሰበሩ ወንበሮች ናቸው። የመንግሥት ንብረት በመሆናቸው የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ ተሰብስቦ ካልወሰነ ንቅንቅ አይሉም፤ ኮሚቴው ደግሞ አባላቱ ተዛውረው አልተሟላም። ነገሩን ደግሜ ጠየቅኩት፤ በትክክል መስማቴን ለማረጋገጥ። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ምድር ቤት ይቀመጣሉ፤ እግሯ የተሰበረ መምህርት ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች። እሱም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን ኮሚቴው እስኪሟላ ታገሺ አለኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ጠባና ትምህርት ተጀመረ። እኔ በማለዳ መጥቼ ደረጃው ሥር ቆምኩ። ተማሪዎቼ ሲያዩኝ ደብተራቸውን እርስ በርስ ተቀባብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። «ኮታ!» ተባለ። ፍሬኔን ያዝኩ።

«ማንም እንዳይነካኝ!»

ደነገጡ። አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ቅያሜ አየሁ። እዚህ አገር አትሸከሙኝ ማለት አትዘመዱኝ ከማለት አይተናነስም። የጥበቃው ሽማግሌ ከጉድጓዳቸው ብቅ ብለው «ልጄ፣ ምን አጠፉ? ሊያግዙሽ እኮ ነው፤ ወላሂ ልባቸው ንጹሕ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ አባባ። ስሞት ይሸከሙኛል፤ ያኔ እምቢ አልልም። እስከዚያ ግን ልሥራ።»

ተማሪዎቹን ደረጃው ላይ ተቀመጡ አልኳቸው። ከታች ጀምረው እስከ መጀመሪያው ማረፊያና ከዚያም በላይ ሞሉት። ከጎን ያለው ግድግዳ አዲስ ቀለም የተቀባ ነጭ ነው፤ ከሰል አስመጥቼ ጻፍኩበት። ለትምህርት እንዲህ የተመቸ ደረጃ አላየሁም፤ የኋለኛው ከፊተኛው በላይ ሆኖ ያያል፣ ማንም ማንንም አይጋርድም። መሐንዲሱ ሳያስበው ጥሩ ክፍል ሠርቶልናል።

ትምህርቱ ሞቅ ሲል አስተባባሪው ቦርሳውን ይዞ መጣ። ቢሮው አንደኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን አየው፤ ከጫፍ ጫፍ ጉልበትና ደብተር ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? ቢሮ ልገባ ነው፤ ስብሰባ አለብኝ!»

ልጆቹ ሊያሳልፉት ተጠጋጉ፤ ግን አንድ እግር የሚያስገባ ቦታ አልተገኘም። እሱ እዚያው ቆመ፤ ቀና ብሎ ቢሮውን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ከበደሳ በኩል የመጣች፣ ፊት የተቀመጠች ጎበዝ ተማሪ አለችኝ። እሷ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ተሸክመን እናሳልፍዎት?»

ልጅቷ አላሾፈችም፤ ይህን እምልላታለሁ። መንገድ የጠፋበት ሰው ስታይ የሚባለው ይኸው እንደሆነ ከሕፃንነቷ ታውቃለች። ወንዶቹም አልጠበቁም። ሁለቱ በብብቱ፣ አንዱ በጉልበቱ ገቡ፤ «ቢስሚላህ!» ሲባል የአካቶ ትምህርት አስተባባሪው ከነከረባቱ ከመሬት ተነሣ።

«ልቀቁኝ!» ብሎ ጮኸ። ፊቱ ቀልቷል። «ምን ሆንኩና ነው የምትሸከሙኝ? ዕቃ ነኝ እንዴ? መንገዱን ልቀቁልኝ ነው እኮ ያልኩት!»

አወረዱት። ከሰሉ እጄ ላይ ነው። ቁጣዬን በስላቅ መናገር ልማዴ ነው፤ ያኔ ግን ስላቁ አልመጣልኝም።

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አልኩት።

ከረባቱን እያስተካከለ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። ከዚያ ዞሮ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን የዕቃ ክፍሉ ተከፈተ፤ ወንበሮቹ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ግቢው ጥግ ላይ ተቆለሉ፤ ሰማይም አልወደቀም። ሥራው በኋላ በሪፖርት «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ተቀምሯል ሲሉ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ በከሰል የጻፍኩትን ደግሞ በራሴ ወጪ አስቀባሁ።

ክፍሉ አይጥ አይጥ ይሸታል፤ መስኮቱም ጠባብ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ለጎርፍ ተብሎ የተሠራ አንድ እርከን ነበረው፤ ያለ ደረጃ ቤት መሥራት መቼም አይሆንላቸውም። አንድ ግንበኛ በሲሚንቶ ተዳፋት አደረገልኝ። አስተባባሪው ሴራሚክ ይለጠፍበት ብሎ ነበር፤ ለመንኩት፤ ተወው።

ሲሚንቶው በደረቀ ጠዋት ተማሪዎቼ በሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። ተዳፋቱ ላይ ወጣሁ። መሃል ላይ ጎማው ተያዘ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ቃጣው። ከሰልፉ አንዱ «ኮ—» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ። እንደገና ገፋሁ። ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ማንም አልመጣም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ የራሳቸውን እጅ በራሳቸው እጅ አጥብቀው ይዘው ቆመዋል። የበደሳዋ ልጅ እንባዋ ይወርዳል፤ እጇን ግን አልፈታችም። ይህ ሕዝብ ስንት ጊዜ እንዳነሣኝ አላውቅም፤ ያን ጠዋት እጃቸውን ይዘው የቆሙልኝን ያህል ግን መቼም አልከበድኳቸውም።

ገባሁ።